ያልታረመችው ፊደል

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ጆሮ ነው። በየታክሲውና በየካፌው ጆሯችሁ ላይ የምትሰኳት ትንሽ ኢርፎን ለአንድ ሽማግሌ ምን ልትሆን እንደምትችል፣ እዚህ ፍላቂት ያየነውን እንነግራችኋለን። ትንሽ ይረዝማልና ታግሳችሁ አንብቡት።

እኛ በመቄት ወረዳ፣ ፍላቂት ከተማ፣ ኢማሙን የምናግዝና ከመግሪብ በኋላ ልጆች የምናስቀራ ነን። እኛን ያስቀሩን ሸኽ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። በልጅነታችን በፊደል ቀልድ አያውቁም ነበር። «ሲን»ን «ሷድ» ካስመሰልናት፣ «ሣእ»ን ምላሳችንን ከጥርሳችን ሳናገናኝ ካለፍናት «ተመለስ!» ይላሉ። በአንዲት መስመር ላይ ሃያ ጊዜ የተመለስንበት ቀን አለ።

ባለፈው ዓመት አንድ ትንሽ ደረሳ ፊታቸው ተቀምጦ ሲቀራ «ሣእ»ን «ሲን» አድርጎ አለፋት። ሸኻችን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም አሉ። ልጁ ቀጠለ፤ ደግሞ ሳተ። አሁንም ዝም። እኛ ከጎን ሆነን ተያየን። ያቺ ፊደል ሳትታረም አለፈች።

ከዚያ በፊትም ስናማቸው እንደነበር አንደብቃችሁም። መንገድ ላይ ሰላም ሲሏቸው አይመልሱም፤ «ኮሩ» አልን። ኢማሙ በወፍራም ድምፁ ሲያናግራቸው ይመልሳሉ፣ ሴት ወይም ልጅ ሲያናግራቸው ግን አይሰሙም፤ «የፈለጉትን ብቻ ነው የሚሰሙት» አልን። ቡና ላይ ሰው ሲስቅ እሳቸው ዘግይተው ይስቃሉ፤ «ዕድሜ ነው፣ መርሳት ጀመሩ» አልን። ኋላ ከቡናውም ቀሩ፤ ሰግደው ወደ ቤታቸው መሄድ ብቻ ሆነ። አንዳችንም ግን ጠጋ ብለን «አባባ፣ አይሰማዎትም እንዴ?» ብለን አልጠየቅናቸውም ነበር። የጠየቅናቸው ያቺ ፊደል ካለፈች በኋላ ነው። «ድምፁስ ይሰማኛል፤ ቃሉ ነው የሚጠፋኝ። ደጋግሜ ማስደገም አፍሬ ነው» አሉን።

ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። አንዱ ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ ኖሯል፤ ተለስልሶ ወጣ። ትንሽ ቀለላቸው፤ ችግሩ ግን አልሄደም። የጤና ባለሙያው ያስረዳን ነገር የሐሜታችንን ሁሉ መልስ ይዟል። ጆሮ በዕድሜ ሲደክም ሁሉንም ድምፅ እኩል አያጣም። ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ሽ» እና «ሣእ» የሚኖሩት እዚያ ላይ ነው። የልጆችና የሴቶች ድምፅም ከወንድ ድምፅ ይቀጥናል። ለዚህ ነው ኢማሙ ሲሰማቸው ደረሳው ያልሰማቸው። ሸኻችን አልኮሩም፤ አእምሯቸውም አልሄደም። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቋቸው ፊደላት ናቸው አንድ በአንድ ከጆሯቸው የወጡት።

የመስሚያ መሣሪያ ዋጋ አጠያየቅን። የአንዱ ጆሮ ብቻ ከአንድ የእርሻ በሬ ዋጋ በለጠ። ሸኻችን ሰምተው «ለሽማግሌ ጆሮ በሬ አይሸጥም» ብለው ሳቁ። እኛ ግን ሳቁ አልመጣልንም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ኑሮን የሚያውክ የመስማት ችግር ያለባቸው ሰዎች 430 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገልጻል፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። በአሜሪካ እንኳ ዋጋው ሕዝቡን ስላማረረ፣ ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀላልና መካከለኛ ችግር ያለባቸው አዋቂዎች ያለ ሐኪም ማዘዣ መሣሪያ እንዲገዙ ተፈቀደ። በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የአፕልን «ኤርፖድስ ፕሮ 2» እንደ መስሚያ መሣሪያ የሚያሠራውን ሶፍትዌር ፈቀደ። የኢርፎኑ ዋጋ ያኔ 249 ዶላር ነበር፤ በሐኪም የሚታዘዘው ጥንድ መሣሪያ ግን እዚያ ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃል። ሰውየው በአይፎኑ ጆሮውን ይፈትሻል፤ ኢርፎኑም የጎደለውን ድምፅ ለይቶ ያጎላለታል።

ይህንን ዜና ስናነብ ልባችን ዘለለ። ነገር ግን አይፎን ይፈልጋል፤ አገልግሎቱም በሁሉም አገር አይከፈትም። በእጃችን ያለው የአንድ ወንድማችን እህት ከዐረብ አገር የላከችለት አንድሮይድ ስልክ ነው። ለእሱም ጎግል በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ሳውንድ አምፕሊፋየር» የሚባል ነፃ መተግበሪያ አገኘን። የስልኩ ማይክ ድምፁን ይቀበላል፣ መተግበሪያው ያጎላዋል፣ ኢርፎኑ ጆሮ ውስጥ ያስገባዋል። አንዴ ከተጫነ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ሙከራችን ተበላሸ። ከሱቅ የገዛናትን ርካሽ ብሉቱዝ ሰካንላቸው፤ ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴ ወደ ኋላ እየቀረ ግራ አጋባቸው። በዚያ ላይ ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍተነው ኖሮ አንዱ ሲያስል ደንግጠው ነቅለው ጣሏት። ጥፋቱ የእኛ ነበር። በሁለተኛው ቀን ባለ ገመዱን ኢርፎን አመጣን፤ ድምፁንም ከዝቅተኛው ጀምረን እሳቸው «በቃ» እስኪሉ ቀስ እያልን ጨመርን። ስልኩን እሳቸው ጋ ሳይሆን ደረሳው አፍ አጠገብ፣ ቁርኣኑ ከተዘረጋበት ጎን አስቀመጥነው። ምስጢሩ ይህ ነው፤ ማይኩ ለተናጋሪው በቀረበ ቁጥር የሌላው ሁሉ ጫጫታ ይቀንሳል።

ያው ልጅ ተቀመጠ። ቀራ። ያቺ ፊደል ላይ ሲደርስ ሳተ። ሸኻችን ጣታቸውን አነሱና «ተመለስ!» አሉ።

ልጁ ደነገጠ። እኛ ግን አለቀስን።

በማግስቱ መስጂድ ውስጥ ወሬ ተነሣ። «ሸኹ በስተርጅና ኢርፎን ሰክተው ምን ሊያዳምጡ ነው?» ያለም አልጠፋ። ኢማሙ ከሶላት በኋላ ተነሥቶ ነገሩን አስረዳ፤ «መነጽር ለዓይን እንደሆነ ሁሉ ይህችም ለጆሮ ናት» አለ። ወዲያው ከኋላ አንድ ሌላ ሽማግሌ «ለእኔስ?» ብለው ጠየቁ። ስንት ሰው በመካከላችን ዝም ብሎ ተቀምጦ እንደነበር ያወቅነው ያኔ ነው።

እህትና ወንድሞች፣ እውነቱን ሳንነግራችሁ ብናልፍ ግን ይከብደናል። ኢርፎን ሁሉን አይፈታም። ጁሙዓ ላይ ሸኻችን ሞክረውት ተዉት፤ የድምፅ ማጉያው ማስተጋባት፣ የልጆች ጫጫታና ሳሉ አብሮ ጎላባቸው። አሁን ሚንበሩ ሥር ይቀመጣሉ። ገበያ ላይ ያለችው ተራ ኢርፎንም ሙዚቃ ታሰማለች እንጂ በራሷ መስሚያ መሣሪያ አይደለችም፤ «ደንቆሮ ታሰማለች» ብሎ ለሚሸጥላችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ። ችግሩ ከባድ ለሆነበት ሰውና ለሕፃናት ይህ መፍትሔ አይደለም። መግል የሚወጣው፣ የሚያመው፣ የሚያዞረው ወይም አንዱ ጆሮው ብቻ የደከመበት ሰው ቀድሞ ሐኪም ይየው። ጆሮው በድንገት የጠፋበት ሰው ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አይቆይ፤ ሕክምናው የሚሠራው በቶሎ ሲደረስበት ነው።

ለእናንተ ለወጣቶቹም አንድ ነገር አለን። ያቺው ኢርፎን የእናንተን ጆሮ እየበላች ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በከፍተኛ ድምፅ ምክንያት ጆሯቸው አደጋ ላይ እንደሆነ ያስጠነቅቃል። ከስልካችሁ ድምፅ 60 በመቶ አትለፉ፤ በየመሐሉም ጆሯችሁን አሳርፉት። አንዴ የሞተ የጆሮ ሕዋስ አይበቅልም።

በመጨረሻም ቤታችሁን ተመልከቱ። ቴሌቪዥን የሚያስጮህ አባት፣ ስልክ ማንሣት የተወች እናት፣ ዘግይቶ የሚስቅ አያት አለ? ከማማታችሁ በፊት ጠጋ በሉና ጠይቁ። ፊት ለፊት ሆናችሁ፣ ሳትጮኹ፣ ቀስ ብላችሁ አናግሩ። ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ከዚያ አሮጌ ስልክና ባለ ገመድ ኢርፎን ካላችሁ፣ ሞክሩላቸው። እኛን ያስተማረን ይኸው ነው፤ ሸኻችን ከእኛ አልራቁም ነበር፣ እኛ ነን ያልቀረብናቸው።

አላህ መስሚያችንን ይጠብቅልን። የሚጠቅመው ሰው አይጠፋምና ሼር በማድረግ አድርሱልን።