የተጻፈውና የተለካው

ይህችን ጽሑፍ የምናቀርበው ዕውቀታችንን ልናሳይ ሳይሆን ጥፋታችንን ልንናዘዝ ነው። የእማማን ራዲዮ ያቃጠልነው እኛ ነን። በውሃ ወረፋ ላይ «የጄኔሬተሩ ባለቤት ነው ያቃጠለባቸው» ሲባል ሰምተን ዝም ብለን ነበርና፣ እነሆ ዛሬ እውነቱን እንጽፋለን።

እኛ ማለት እዚህ ካኩማ፣ በገበያው ጫፍ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ራዲዮና ስልክ የምንጠግን ሦስት ሰዎች ነን። እማማ ራዲዮኑን ከአገር ሲወጡ በነጠላ ጠቅልለው ነው ያመጡት። አራት የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። ድንጋዩ ሲያልቅ ከራሽን ዘይታቸው ቀንሰው ይሸጡና ይገዙ ነበር። ይህን አይተን «እማማ፣ በመብራት እንዲሠራ እናደርግልዎታለን፤ ዘይትዎን አይሽጡ» አልናቸው። መረቁን።

ከአሮጌ ዕቃ ውስጥ አንዲት ትንሽ ትራንስፎርመር አወጣን። መግቢያ 220 ቮልት፣ መውጫ 6 ቮልት፣ ግማሽ አምፔር ይላል ጽሑፏ። አራት ድንጋይም አንድ ተኩል በአራት ሲባዛ 6 ቮልት ነው። ስድስትና ስድስት ገጠመልን። አራት ዳዮድና አንድ ካፓሲተር ጨምረን፣ ምንም ሳንለካ አገናኘን። በሁለተኛው ቀን ማታ ዜናው ሳያልቅ ራዲዮኑ ጮኸ፣ ሸተተ፣ ዝም አለ። እማማ «እኔ ምን ነካሁት?» አሉ። እኛም «የጄኔሬተሩ መብራት ነው» አልን። የዋሸነው ያን ጊዜ ነው።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ቢለን ተነሥተን ትራንስፎርመሯን ለካናት። መጀመሪያ አንዳችን የቴስተሩን ቁልፍ ዲሲ ላይ ትቶት ዜሮ ቢያይ «ሞታለች» ብሎ ሊጥላት ነበር። ዳሩ ግን ከትራንስፎርመር የሚወጣው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። ፋራዴይ በ1831 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንዳሳየው፣ በአንድ ብረት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች ሳይነካኩ ኃይል የሚቀባበሉት በአንደኛው የሚያልፈው ኮረንቲ ሲለዋወጥ ብቻ ነው። ቁልፉን ወደ ኤሲ ብናዞረው ቴስተሩ 8.1 አሳየን።

ጽሑፉ ውሸት ነው ማለት ነውን? አይደለም። 6 ቮልት የተባለው ግማሽ አምፔር ስትሸከም ነው። ሸክም ሲቀልላት ቮልቷ ከፍ ይላል፤ በትናንሾቹ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል፤ ሽቦቸው ቀጭን ስለሆነ ሲሸከሙ ብዙው በራሳቸው ውስጥ ይቀራልና። በዚያ ላይ ጄኔሬተሩ ያን ሌሊት የሚሰጠው 220 ሳይሆን 240 ነበር። ሌላም አለ። ካፓሲተር የሚያጠራቅመው የተለዋዋጩን ጫፍ ነው፤ ጫፉም ቴስተሩ ካሳየው 1.41 እጥፍ ይሆናል። 8.1 በዚህ ሲባዛ 11.4፤ ዳዮዶቹ 1.4 ያህል ቢወስዱ 10 ቮልት ይተርፋል። 6 ለለመደ ራዲዮ 10 አጉርሰነዋል።

እንግዲህ ሌላ ሰው እንደኛ እንዳያጠፋ አሁን የምንሠራበትን እንጻፍ። አንደኛ፣ መብራት ሳይነካ በኦም መለካት፤ የመግቢያው ሽቦ በመቶዎች የሚቆጠር ኦም፣ የመውጫው ጥቂት ኦም ብቻ ያሳያል። በሁለቱ መካከል ምንም ንባብ መኖር የለበትም፤ ካለ ዕቃው ሰው ይገድላልና ይጣል። ሁለተኛ፣ መግቢያውን ከመብራት ጋር ስናገናኝ በመካከል ባለ 40 ዋት ባለ ክር አምፖል በተከታታይ እናስገባለን፤ አምፖሉ ቦግ ካለ ውስጡ ተቃጥሎ ተያይዟል። ደህና መሆኑን ካየን በኋላ አምፖሉን አውጥተን በቀጥታ እንለካለን። ሦስተኛ፣ ቴስተሩን በኤሲ፣ ከትልቁ ቁጥር ጀምሮ ወደ ታች። የመግቢያው ጫፎች በፕላስተር ይሸፈኑ፤ የልጅ እጅም አይድረስ። አራተኛ፣ ዋናው ይኸው ነው፣ አሸክሞ መለካት። የብስክሌት የፊት አምፖል፣ 6 ቮልት 3 ዋት፣ ልክ ግማሽ አምፔር ይወስዳል። እርሱን ብናበራባት የእኛዋ ከ8.1 ወደ 6.6 ወረደች። ባዶዋንም ጭነቷንም ያላየ አላወቃትም።

በካርድ ላይ የተጻፈና እጅ የገባ ሲለያይ በየወሩ የምናይ ሰዎች፣ በአንዲት ብረት ላይ የተለጠፈ ወረቀት አምነን የሰው ንብረት ማጥፋታችን ራሳችንን ይገርመናል።

በሦስተኛው ቀን ሄደን ለእማማ ነገርናቸው። ለጄኔሬተሩ ባለቤትም ነገርነው፤ ተቆጣ፣ መቆጣቱም ይገባዋል። ከሞተ ራዲዮ የተቃጠለውን ክፍል የሚተካ አገኘን። 7806 የምትባል ባለ ሦስት እግር ዕቃም ጨመርን፤ ከ8 በላይ ዲሲ ቢገባባት እርሷ የምታወጣው 6 ነው። ካፓሲተሩንም 25 ቮልት በሚችል ለወጥነው። ሦስት ማታ በእኛ ክፍል አስጮህነውና ለካነው፤ 6 ነው፣ አልተንቀሳቀሰም።

ራዲዮኑን ስናስረክባቸው እማማ በሁለት እጃቸው ያዙት እንጂ አልከፈቱትም። ቀና ብለው አዩንና «አሁንስ ለክታችሁታል?» አሉን።

«ለክተነዋል፣ እማማ።»

ከዚያ በኋላ ከፈቱት።