የትንሹ ወታደር እግር

በ1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዐድዋን ጦርነት በትንንሽ ምስል ቀርጸን ለማሳየት በተነሣን ጊዜ፤ ልካችን 1 ለ35 ነበረ። 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ውጅግራ በዚህ ልክ ከ4 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ስንጥር ይሆናል። ጠመንጃውን በጥንቃቄ ለካን፤ ከጣልያን ጋር የተሰለፉትን የአስካሮችን ቀይ ጣርቡሽ ሳይቀር አስተካክለን ቀባን። ለወገን ወታደር ግን ክብር የጨመርንለት መስሎን ጫማ አጠለቅንለት።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው ተመለከቱና፤ «ልጆቼ፤ የእኔ አያት በባዶ እግሩ ነው የዘመተው። ይህ የማን አያት ነው?» አሉን። ዐፈርን።

ጫማውን በምላጭ ፍቀን እግሩን እንደ ገና ስንቀርጽ፤ ያ ሰው ከቀድሞው ይልቅ ገዝፎ ታየን። ለአባቶች ያልነበራቸውን ጨምሮ መስጠት፤ ሳይኖራቸው የሠሩትን ሥራ መንጠቅ መሆኑ የገባን ያን ጊዜ ነው።