የባዶ ተራራ ነጋዴ

የግጭ መንደር ባዶ ሲሆን ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም፤ ኃጢአት ይሁን አይሁንም አላውቅ። እሳቸው የሚጠይቁኝ ስለ ጾሙና ስለ ምላሴ ነው። ስለ አስጎብኚነት የሚጠይቅ የንስሐ አባት እስካሁን አልገጠመኝም።

ሥራዬ ፈረንጅ ይዞ ሰሜን ተራሮች መውጣት ነው። የተወለድኩት ከደባርቅ ወዲያ፣ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ገደል መውረድ ከሚጀምርበት አካባቢ ነው። ልጅ ሳለሁ ጭላዳን ከገብስ ማሳ አባርር ነበር። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ በሁለት እጁ ሣሩን ቶሎ ቶሎ እየነጨ ወደ አፉ ይልካል፤ ያለበትን ሲጨርስ ሳይነሳ በቂጡ ተንፏቆ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ማሳ ዳር ሲደርስ ግን ገብስና ሣር አይለይም። የምናባርረው በወንጭፍ ነበር፤ እኔ ደግሞ አልስትም። አሁን እንግዶቼን ከዚያው መንጋ አጠገብ አስቀምጬ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ድንገት አትነሱ እላለሁ። ከኢትዮጵያ ውጭ እንደማይገኝ፣ ከዝንጀሮ ዘር ሁሉ ዋና ቀለቡ ሣር የሆነው እሱ ብቻ መሆኑን አስረዳለሁ። ማሳ የሚጠብቅ ልጅ ድንጋይ ሲወረውር ካዩ እንግዶቹ ይከፋቸዋል። እኔም አብሬ ይከፋኛል፤ አንዳንዴም ልጁን እቆጣዋለሁ። ልጁ ቀና ብሎ ያየኛል። አባቱን እንደማውቅ ያውቃል።

ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሥራው አስለምዶኝ ነው። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን በ1978 ሲከፍት ካሰፈራቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ሁለቱ የኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ሰሜን ተራሮች። በ1996 ሰሜን “አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች” በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ገባ። ምክንያቱ የዋልያና የሌሎች አራዊት መመናመን፣ እርሻ፣ ግጦሽ፣ መንገድ ነበር። ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ስናገር አንደበቴ አይያዝም። በሁለቱ ዓመታት መሃል ያለውን ነገር ግን እዘለዋለሁ።

በመሃል ያለው ግጭ ነው። ከጅንባር ወንዝ ማዶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሙስሊም ወገኖቻችን ገብስ እያረሱ፣ በግና ፍየል እያረቡ ለትውልዶች የኖሩበት መንደር ነበር። እንግዶቼን እዚያ ጎጆ ውስጥ አስገብቼ ቡና አስጠጣ ነበር። ጭሱ ዓይናቸውን እያቃጠለው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ፣ ከምድጃው ወዲያ የታሰሩትን ጥጆች እያዩ ይደሰታሉ። የቡናውን ዋጋ የምወስነው እኔ ነበርኩ፤ ባለቤቶቹ አልነበሩም። ከጎጆው ሲወጡ ደግሞ ደስታው ወደ ቅሬታ ይለወጣል። ይህ ሁሉ በግ ፓርክ ውስጥ ምን ይሠራል? እስከ ገደሉ አፍ ለምን ይታረሳል? እኔም በመንደሩ ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቡናቸውን የጠጣሁበት ስኒ እንኳ ሳይቀዘቅዝ።

በ2016 ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ደባርቅ ከተማ ወረዱ። “በፈቃዳቸው” ተብሎ ተጽፏል። ለዓመታት ትነሳላችሁ ሲባል የኖረ ሰው መጨረሻ ላይ እሺ ቢል ፈቃዱ ምን ያህል እንደሆነ ለእናንተ እተወዋለሁ። እኔ ያደረግኩት ግን ከዚህ ይብሳል። በቀጣዩ የጉዞ ወቅት ግጭ ላይ ቆሜ ሜዳውን አየሁና፣ ፎቶው አማረ አልኩ። ጣራ የለም፣ ውሻ የለም፣ ብር የሚጠይቅ ልጅ የለም። ጅባራው ብቻውን ቆሟል። እንግዶቹ “ያልተነካ ተፈጥሮ” ሲሉ አላረምኳቸውም፤ እንዲያውም ቃሉን ተቀብዬ የራሴ አደረግኩት።

ጊዮም ብላንክ የሚባል ፈረንሳዊ የታሪክ ምሁር ሰሜንን ዋና ምሳሌው አድርጎ በ2020 መጽሐፍ አወጣ። አፍሪካን ሰው የሌለባት የገነት አትክልት አድርጎ የማየት ልማድ የቅኝ ግዛት ውርስ ነው ይላል። ስለዚህ መጽሐፍ የሰማሁት ከእንግዳ ነው፤ በገዛ ቀዬ የተደረገን ነገር ከፈረንጅ መስማትም አንድ ራሱን የቻለ ኑዛዜ ይወጣዋል። ብላንክ የሚያነሳው አንድ ንጽጽር አለ። ዩኔስኮ በ2011 በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘውን የሴቬን ተራራማ አገር መዘገበ፤ የመዘገበው እረኞችና ገበሬዎች ስለቀረጹት ነው። እኔ ደግሞ የምጨምረው አለኝ። በዚያው ዓመት የኛው ኮንሶም ተመዝግቧል፤ እርከኑን የሠሩት ገበሬዎች ናቸው ተብሎ፣ ከነሰዎቹ። ስለዚህ ነገሩ ፈረንጅና ሐበሻ ብቻ አይደለም። ኮንሶ ላይ ገበሬው ቅርስ ሲባል ግጭ ላይ የቅርስ ጠላት ተባለ።

ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ደፍቼ ደግሞ አልዋሽም። ግጭ በግጦሽ ተጎድቶ ነበር፤ ሣሩ መሬት ላይ ተልጦ አይቻለሁ። ዋልያ በ1960ዎቹ ወደ 150 ገደማ ወርዶ እንደነበር ይነገራል፣ ሌላ መኖሪያም የለውም። መንደሩ ከተነሳ በኋላ የጓሳ ሣሩ አገግሟል። ቢሆንም በ2019 ፓርኩ ሲቃጠል እሳቱን በቅጠል እየመታ ሌሊቱን ሲታገል ያደረው የአካባቢው ገበሬ ነበር፤ ሄሊኮፕተርና የእስራኤል ባለሙያዎች የመጡት ቆይተው ነው። ከሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወዲህ የተደረጉ ቆጠራዎችም የዋልያው ቁጥር ክፉኛ መውረዱን ያሳያሉ። ሰው በማስነሳት ብቻ የሚድን እንስሳ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ሊማሊሞ ላይም ያው ነኝ። መኪናው ጠርዙ ላይ ሲቆምና መንገዱ ከሥራችን ተጠማዝዞ ወደ አዲ አርቃይ ሲወርድ ሲታይ፣ ጣልያን በአምስቱ ዓመት እንደሠራው እናገራለሁ። “ምን ዓይነት መሐንዲሶች ናቸው!” ይላሉ። ራሴን እነቀንቃለሁ። ድንጋዩን ሲፈልጥ የዋለውን የአገሬውን ሰው አላነሳም። እዚሁ አፋፍ፣ ወልቅፊት ላይ የመሸገው የጣልያን ጦር በሴፕቴምበር 1941 እጁን እስኪሰጥ ድረስ አርበኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው መክበባቸውን የምናገረው ከተጠየቅኩ ነው። እንግዳው ጣልያናዊ ከሆነ፣ ብጠየቅም አሳጥረዋለሁ።

ከጎንደር ስንመጣ ደግሞ ዳባትን ሳንቆም እናልፋለን። በ2021 ጦርነቱ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ ዳባት ወረዳ ጭና ላይ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። እንግዳው በመስኮት እያየ “አሁን ሰላም ነው?” ይለኛል። ሰላም ነው እለዋለሁ። እንግዳ ካልመጣ የምበላው የለኝም፤ በ2020 በኮሮና፣ ቀጥሎ በጦርነቱ፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በክልላችን ግጭት ምክንያት ያለ ሥራ መክረም ምን እንደሆነ ቀምሼዋለሁ። ምክንያቴ ይህ ነው። ምክንያት መሆኑን እንጂ ይቅርታ ማሰጠቱን አልተከራከርኩም።

ከሁሉ የሚቆጠቁጠኝ ግን ትንሹ ነው፤ የጉርሻው ነገር። ፓርኩ ውስጥ ስካውት የሚባል ጠባቂ አብሮን ይሄዳል፤ ክላሹን ትከሻው ላይ ጋድም አድርጎ፣ በላስቲክ ጫማ። ተራው የደረሰው በቅሎ ጫኝ ከኋላ ይከተላል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ፓርኩ ሥር የተወለዱ ናቸው። ዋልያውን ቀድሞ የሚያየው ስካውቱ ነው። ገደሉ ላይ ከድንጋዩ ጋር ተመሳስሎ የቆመውን ያይና በአገጩ ብቻ ያመለክተኛል። እኔ እጄን ዘርግቼ “እዚያ!” እላለሁ። ምስጋናው ለኔ ነው። የዛፉን ስም፣ የጅረቱን ስም፣ ጅብ የሚውልበትን ዋሻ የነገሩኝ እነሱ ናቸው፤ እኔ ያለኝ እንግሊዝኛው ነው። በመጨረሻው ቀን እንግዳው ወደ ጎን ጠርቶኝ፣ ለማን ስንት ልስጥ ይለኛል። ለአስጎብኚው ይህን ያህል፣ ለስካውቱ ግማሹን፣ ለጫኙ የግማሹን ግማሽ እለዋለሁ። ልማዱ ነው እለዋለሁ። ልማዱን ያወጣነው እኛ አስጎብኚዎቹ መሆናችንን አልነግረውም።

ግጭ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ደባርቅ ከተማ ውስጥ አገኛለሁ። የካሳው ገንዘብ አልቋል፤ በሬ የለ፣ በግ የለ፤ የቀን ሥራ ካለ ይውላሉ። ባለፈው ወቅት ጭነት ስናስተካክል አጠገባችን ቆሙ።

“ዛሬ ግጭ ታድራላችሁ?”

“አዎ አያ፣ እናድራለን።”

“ቤቴ የነበረበትን ታውቀው የለ?”

“አውቀዋለሁ።”

“እዚያ ላይ ድንኳን እንዳታስተክል ልጄ። ውኃ ያቁራል።”

ይቆጡኛል፣ ይወቅሱኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ያሰቡት እንግዳዬ እንዳይረጥብ ነው። ጉዞውን በሙሉ ለእንግዶቹ ይህን ልንገራቸው አልንገራቸው ስል ቆይቼ፣ ሳልነግራቸው ወረድን።

ወደ ሰሜን የምትመጡ የአገሬ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ግጭ ላይ ስትደርሱ ማን ይኖርበት እንደነበር አስጎብኚያችሁን ጠይቁት። ቢያድበሰብስባችሁ ወደ ስካውቱና ወደ በቅሎ ጫኙ ዙሩ፤ የምታወሩት በአማርኛ ስለሆነ እኔን መሰል ሰው በመሃል አያስፈልጋችሁም። ስትመለሱም ጉርሻውን ሰብስባችሁ ለአንዳችን አትስጡን። ለእያንዳንዱ በእጁ ስጡት፣ እኩል አድርጋችሁ።