የደመወዝ ደብተር በስልክ

እህቶቼ፣ ዳማም ያላችሁም ኮበር ያላችሁም፣ የተከፈላችሁንና የቀራችሁን ደመወዝ የት ነው የምትጽፉት? እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ በጭንቅላታቸው ይይዙታል። አንዲት የደሴ ልጅ ከሻይ ካርቶን ላይ ቀድዳ፣ እየጻፈች ፍራሿ ሥር ታስቀምጥ ነበር። ቤት ስትቀይር ካርቶኑ ቀረ፤ አብሮት የሰባት ወር ሒሳብ ቀረ። አሰሪዋ «የቀረሽ አምስት ነው» ሲላት «ሰባት ነው» ከማለት በቀር የምታሳየው ነገር አልነበራትም።

እኔ ያኔ ኮድ መማር ጀምሬ ነበር፤ ምን እንደምሠራበት ያሳየችኝ ግን እሷ ናት።

ነገሩ የመጣው በታናሽ እህቴ በኩል ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አገራችን ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባለውን ነፃ ሥልጠና ስትጀምር አዲስ አበባ ሆና ተመዘገበች፤ ማታ ማታ በኢሞ የተማረችውን ትነግረኝ ነበር። እኔም ፍሪኮድካምፕ የሚባለውን፣ ያለ ክፍያ የሚያስተምር ድረ ገጽ በስልኬ ከፈትኩ። እንግሊዝኛዬ የአሥረኛ ክፍል ነው፤ ያልገባኝን ቃል እየገለበጥኩ እህቴን እጠይቃለሁ። ኤችቲኤምኤል የገጹ ግድግዳ ነው፣ ሲኤስኤስ ቀለሙና መጋረጃው፣ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያው፤ ስትነኪው መልስ ይሰጣል። የምሠራው ሌሊት ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የቤት ሠራተኛ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ አትሥራ ይላል። ረመዳን ላይ እንዴት እንደምንሆን ግን እኛው እናውቀዋለን።

ደብተሩን ስጀምር ቀላል መስሎኝ ነበር፦ ወር፣ ብር፣ «ተከፍሏል» ወይም «አልተከፈለም»። ግን የማን ወር? እኛ መስከረም 1 ቀን 2018 ብለን አዲስ ዓመት ስንውል፣ ፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ይላል፤ በሂጅራ ደግሞ ረቢዕ አል-አወል 1447 ነው። የሂጅራ ዓመት ከፈረንጁ 11 ቀን ገደማ ያጥራል። በሁለት ዓመት ውል 22 ቀን ማለት ነው፤ ለእኛ ይህ የሃያ ሁለት ቀን ደመወዝ ነው። አንዷ በሂጅራ ስትቆጥር ማዳም በፈረንጅ ከቆጠረች፣ ሁለቱም ሳይዋሹ ይጣላሉ። ጳጉሜን ጨምሩበትና እዩት! ደስ ያለኝ ነገር፣ ብሮውዘሩ ራሱ ሦስቱንም መቁጠሪያ ያውቃል፤ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ኢንትል የሚባለውን «በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሳየኝ» ካልሽው ያሳይሻል። ስለዚህ ደብተሩ ቀኑን አንድ ጊዜ ይቀበልና በሦስቱም ጎን ለጎን ያወጣዋል።

ቀጥሎ ለሁሉም የሚሆን ማድረጉ መጣ። ትምህርቱ ስለ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ብዙ ይላል፤ ለእኔ ግን የታዩኝ የራሳችን ሰዎች ናቸው። እጇ በክሎሮክስ የተሰነጣጠቀ ልጅ ትንሽ በተን መንካት ያስቸግራታል፤ ስለዚህ በተኖቹን አሰፋኋቸው። ከፈዘዘ ስክሪን ላይ በብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቃ የምታነብ አለች፤ ደንቡ የጽሑፉና የጀርባው ብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን ይላልና ያንን ግራጫ ጽሑፍ ጥቁር አደረግኩት። ያልተከፈለውን በቀይ ቀለም ብቻ አላሳየሁም፤ ቃሉም አጠገቡ ተጽፏል፤ ቀለም መለየት የማትችል ሰው አለችና። ፊደል ያልቆጠሩም አሉ። ለእነሱ በእያንዳንዱ በተን ላይ በራሴ ድምፅ «ዛሬ ተከፈለኝ»፣ «አልተከፈለኝም» ብዬ ቀርጬ አስገባሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ደኅንነቱ ነው። መጀመሪያ እህቴ «ዳታቤዝ ላይ አስቀምጪው፣ ስልክሽ ቢጠፋም አይጠፋም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ነገር ግን የሃምሳ ሴቶች ስም፣ የአሰሪ ስልክና የቀረ ደመወዝ አንድ ቦታ ከተከማቸ፣ ያንን ሰብሮ የሚገባ አንድ ሰው ሃምሳችንንም ያገኘናል። ያልሰበሰብሽውን ማንም አይሰርቅብሽም። ስለዚህ ስም የሚጠይቅ ሣጥን የለውም፤ ሒሳቡም ከስልኩ አይወጣም። ስልኩን ግን ማዳም ልትወስደው ትችላለች፤ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ብሮውዘሩ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር፣ መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ክፍት ነው። በዚህ ምክንያት ሒሳቡን በይለፍ ቃል እንዲቆለፍ አደረግኩ። የይለፍ ቃሉን የረሳች ሴት እኔም ልከፍትላት አልችልም፤ ከመጀመሪያው ይህን ጮክ ብሎ የሚነግራት ድምፅ አለ። የተቆለፈውን ፋይል ደግሞ በወር አንድ ጊዜ አገር ቤት ላለ ዘመድ መላክ ትችላለች፤ ዘመዱም ያለ ይለፍ ቃሉ አያነበውም። ስልኩ ቢወሰድ ቅጂው ደሴ ወይም ጅማ አለ።

ገጹን በአንድ ንክኪ ወደ ምግብ አሠራር የሚቀይር በተንም አለው። አንዷ «ዶሮ ወጥ ይሁን» አለችና ዶሮ ወጥ ሆነ።

መንግሥት ደመወዝ በሙሳነድ በኩል በባንክና በዋሌት እንዲከፈል ደረጃ በደረጃ አስገድዷል። እንደዚያ ለሚከፈላት ማስረጃው በራሱ ይቀመጣል፤ የኔን ደብተር አትፈልገውም፣ እሰየው። በእጇ ሪያል የሚቆጠርላት፣ «ሌላውን በሚቀጥለው ወር» የምትባለዋ ግን አሁንም አለች። ደብተሩ ፍርድ ቤት የሚበቃ ማስረጃ ነው አልልም፤ አንዷ ወገን የጻፈችው ነውና። ቀንና መጠን እየጠሩ መናገርና «መሰለኝ» እያሉ መናገር ግን አንድ አይደለም። የደሴዋ ልጅ አሁን የአዲሱን ቤቷን ዘጠኝ ወር ይዛለች። ባለፈው ሁለት ወር ሊዘለልባት ሲል ስልኳን ከፍታ ቀኖቹን በሂጅራ አነበበችለት፤ አንዱን በዚያው ሳምንት ከፈላት። ሁለተኛውን እየጠበቀች ነው።

አሁን የምትጠቀሙበት ስድስት ናችሁ። የኦሮምኛውን ድምፅ የምትቀርጽልኝ የጅማ ልጅ አግኝቻለሁ፤ ጁመዓ ኮበር ኮርኒሽ እንገናኛለን፣ ነፋስ የሌለበት ጥግ ካገኘን። ትግርኛ የምትችል ካለች በማኅበሩ በኩል ትላክብኝ።