ሦስት ኮከብ ስንት ነው?

አንድ ሰው ያየውን ፊልም «ደህና ነው» ቢል፣ አድማጩ ፍርዱን ከቃሉ ብቻ አያገኘውም። ምስጋና ከአፉ የማይወጣ ሰው «ደህና» ካለ ታላቅ ውዳሴ ነው። ሰው ማስቀየም የማይወድ ይሉኝተኛ ካለው ግን ፊልሙን ጠልቶት ሊሆን ይችላል። ቃሉን ለመረዳት አስቀድሞ ተናጋሪውን ማወቅ ግድ ይላል። ተመልካቾች ለፊልም የሚሰጧቸው ከአንድ እስከ አምስት ኮከቦችም፣ ቁጥር ቢመስሉም፣ ጠባያቸው እንደዚሁ ቃል ነው።

ይህን በጉልህ ያሳየው ኔትፍሊክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጀው ውድድር ነበር። ያን ጊዜ ዲቪዲ በፖስታ ያከራይ የነበረው ይህ ኩባንያ፣ ደንበኞች የሚሰጡትን ኮከብ ከእርሱ ስሌት በ10 በመቶ አሻሽሎ ለሚተነብይ 1 ሚሊዮን ዶላር ሊሸልም ቃል ገባ። ለተወዳዳሪዎችም፣ ስማቸው የተሰወረ 480,189 ደንበኞች ለ17,770 ፊልሞች የሰጧቸውን ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ ነጥቦች አቀረበ።

ተወዳዳሪዎቹ ከፊልሙ ይልቅ የሰጪውን ጠባይ መመርመር ነበረባቸው። ቸሩ ለሁሉም ያበዛል፤ ቆጣቢው ከሁሉም ይቀንሳል፤ የአንዱ ሰው ሚዛን እንኳ ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል። ይባስ ብሎም፣ የኮከቡ ብዛት ሳይታይ፣ ሰውየው ለየትኞቹ ፊልሞች ነጥብ እንደሰጠ ማወቁ ብቻ ስለ ምርጫው ፍንጭ ይሰጣል። ያም ሆኖ «ናፖሊዮን ዳይናማይት» የተባለው የ2004 አስቂኝ ፊልም ብዙዎቹን አስቸገረ። በሌላው ሁሉ የሚስማሙ ተመልካቾች በዚህ ፊልም ላይ ተለያዩ፤ አንዱ አምስት ሲሰጠው ሌላው አንድ ሰጠው። ሽልማቱ በ2009 ሲሰጥም የአሸናፊው ስሌት የስህተት መጠን 0.86 ኮከብ ገደማ ነበር።

በሌላ በኩል፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት አርቪንድ ናራያናንና ቪታሊ ሽማቲኮቭ በ2008 ያወጡት ጥናት አስደንጋጭ ነበር። አንድ ደንበኛ ለ8 ፊልሞች የሰጠውን ነጥብና፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ቀኑን ያወቀ ሰው፣ ሁለቱ ነጥቦች የተሳሳቱ ቢሆኑ እንኳ፣ በመዝገቡ ካሉት ደንበኞች 99 በመቶውን አንድ በአንድ ለይቶ ማግኘት እንደሚችል አስረዱ። በ2009 ስሟን የሰወረች አንዲት እናት፣ ያየቻቸው ፊልሞች የደበቀችውን የግል ሕይወቷን እንዳያጋልጡባት ሠግታ፣ ከሌሎች ጋር ሆና ኩባንያውን ከሰሰች። በ2010 ክሱ በስምምነት ሲያልቅ፣ ታስቦ የነበረው ሁለተኛ ውድድርም ቀረ።

እንግዲህ ያ መዝገብ ሰውየው ማን እንደሆነ ለመጠቆም በቂ ነበር፤ ነገ የሚያየውን አንድ ፊልም ይወደው እንደሆነ ለመናገር ግን አልበቃም። ሰውን መለየትና ሰውን ማወቅ ለየቅል ናቸው። ፊልም የሚመርጥልን ወዳጅ «ስንት ሰጠኸው?» ብሎ አያቆምም፤ «ምኑን ወደድከው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ተቀምጦ ይሰማል።