ክረምቱን ተከራይተሽ እዪው

አክስቴ ዋሽንግተን 30 ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጣች። «አዲ አርቃይ ቤት ልሠራ ነው» ስትለኝ፣ «መጀመሪያ አንድ ክረምት ተከራይተሽ እዪው» አልኳት። «በተወለድኩበት አገር ተከራይ ልሁን?» ብላ ተቀየመች። ግን ተከራየች።

ፓስፖርቷ የአሜሪካ ቢሆንም ወረቀቱ አላስቸገራትም፤ በ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያኖራል። ያስቸገራት ሊማሊሞ ነው። ሐምሌ ላይ ደም ግፊቷ ተነስቶ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ስንወስዳት፣ ጠመዝማዛው በጉም ተውጦ መንገዱ አላልቅ አለን።

እናንተም ለወላጆቻችሁ ቤት ስትፈልጉ፣ ከኪራዩ በፊት ሐኪም ቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ጠይቁ፤ በበጋ ሳይሆን በክረምት።

አክስቴ አሁን ደባርቅ ተከራይታ ብርዱን ታማርራለች። «ለካ የመረጥኩት የምቀበርበትን ነበር፤ የምኖርበትን አይደለም» አለችኝ።