የእህቴ ደም

«መምህር፣ በሽታው ይተላለፋል እንዴ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኝ ነው። አልተቀየምኩትም። አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ የሚያስተምር፣ ሻይ ቤት ከባልደረቦቹ ጋር ገብቶ ምንም የማይቀምስ ሰው ሲታይ ሌላ ምን ይታሰባል? መልሱ ግን ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚያልቅ ስላልሆነ በዚህችው በግድግዳ ጋዜጣችን ልጽፈው ወደድኩ።

አይተላለፍም።

ነገሩ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ጥርሴን ስፍቅ ድዴ ይደማል፤ ሳልመታ ክንዴና ጭኔ ይበልዛል። ቆይቶ ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ወባ ነው ተባለ። ዲዴሳን ተሻግሮ የመጣ ሰው በእኛ አካባቢ ሌላ ምን ይባላል? በመጨረሻ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከዳሌ አጥንቴ መቅኒ ተወስዶ ሲመረመር ስሙ ታወቀ፤ አፕላስቲክ አኒሚያ። መቅኒው ደም መሥራቱን ያቆማል ማለት ነው። በአውሮፓ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ሁለት ያህሉን ብቻ የሚይዝ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ ደምን የሚያረጋው ፕላትሌት ግን 10 ቀን ገደማ ነው ዕድሜው። ስለዚህ ሥራው ሲቆም መድማቱ ይቀድማል፣ ድካሙ ኋላ ይመጣል። ይህን ለዓመታት ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ በራሴ ላይ ሲደርስ ግን አላወቅሁትም።

ከዚያ ወዲያ በሰው ደም ኖርኩ። ነቀምቴ የደም ባንክ ያላት ከተማ መሆኗ በጀኝ። የዚያን ዓመት ሠልጣኞች ተሰልፈው ክንዳቸውን ሰጡ፤ ዛሬ ከሻምቡ እስከ ደምቢ ዶሎ በየትምህርት ቤቱ ናቸው፤ የማናቸው ደም እንደ ደረሰኝ አላውቅም። ጊምቢ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ብትመጣ «ያንቺ አይሆንም» ተባለች። አልቅሳ ተመለሰች። ለካስ መቅኒ ሊሰጥ የሚችል የሥጋ ዘመድ ደም ቀድሞ ከተሰጠ፣ የበሽተኛው ሰውነት ያንን ዘመድ እንደ ባዕድ ለይቶ ይይዘውና በኋላ መቅኒውን አልቀበልም ሊል ይችላል።

የአንድ እናትና አባት ልጆች መቅኒ ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ሁለቱ ወንድሞቼ አልገጠሙም፤ እሷ ገጠመች። ባትገጥምስ? እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ የአውሮፓ ዘር ያለው በሽተኛ ከለጋሾች መዝገብ ፍጹም የሚገጥመውን የማግኘት ዕድሉ 75 በመቶ ነው፤ የአፍሪካ ዘር ላለው 20 በመቶ አይሞላም። የአባታችን ቡናና በሬዎች ተሸጡ፣ ባልደረቦቼ ከደመወዛቸው አዋጡ፣ በ2011 ዓ.ም. ሁለታችንም ሕንድ ሄድን።

ብዙ ሰው ቀዶ ሕክምና ይመስለዋል። ከእሷ ዳሌ በሰመመን ተቀዳ፤ ለእኔ እንደ ተራ ደም ከረጢት ተሰቅሎ በደም ሥር ገባ። በቃ። ይህን ሕክምና አሜሪካዊው ዶክተር ዶናል ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1957 በስድስት በሽተኞች ላይ መሞከሩን ሲያሳትም አንዳቸውም አልዳኑም ነበር፤ እሱ ግን ሳይተው ቀጥሎ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። የእኔ ደም ቢ ነበር፤ ዛሬ የእሷው ኦ ሆኗል። ክሮሞሶሙ ቢታይማ የሴት ነው። ይህን ለባልደረቦቼ በመንገሬ እስከ ዛሬ እጸጸታለሁ።

የልጅነት ክትባቴም አብሮ ጠፋ። በ41 ዓመቴ ሕፃን ካዘሉ እናቶች ጋር ጤና ጣቢያ ተሰለፍኩ። ነርሷ «ሕፃኑስ?» ብትለኝ «እኔ ነኝ» አልኳት። የመንጋጋ ቆልፍም፣ የትክትክም፣ የፖሊዮም እንደገና ተወጋሁ።

የከበደኝ ግን ግብዣ እምቢ ማለት ነው። የማስተማር ልምምድ ለማየት መንዲ ወይም ነጆ ስንወጣ ጩምቦ በአይብ ይቀርባል። ካልተፈላ ወተት የወጣ ነገር ለእኔ ክልክል ነው፤ ሙቀቴ 38 ከደረሰ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት መድረስ አለብኝና። አንዲት እናት «ቤታችንን ናቀው» ብለው አዝነውብኛል፤ ልክ ናቸው፣ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እላለሁ። ደግነቱ አንጮቴ አለ። ተቀቅሎ፣ በተነጠረ ቅቤ ትኩሱን ከመጣ ማንንም አላሳዝንም።

አፌ ውስጥ የማይሽር ቁስል አለ፤ በርበሬ አያስቀምሰኝም። ዓይኔም እንባ የለው፤ በጠብታ ነው የማነበው። ባለፈው ገና ጊምቢ ብሄድ እህቴ አልጫ ሠርታ ጠበቀችኝ። ስበላ አየችኝና «ጋሼ፣ ይኼ ቁስል ከምንድን ነው?» አለች።

«ከመድኃኒቱ ነው» አልኳት።

ውሸቴን ነው። ከእሷ የመጡት ሕዋሳት የእኔን ገላ ባዕድ ነው እያሉ የሚያቆስሉት ነው። ዛሬም ክኒን የምውጠው እነሱን ለማብረድ ነው። ከሴት ወደ ወንድ ሲሰጥ ይህ እንደሚበዛ ሐኪሞቹ ነግረውኛል። ክፍል ውስጥ ስለ እውነት ስንት የምናገር ሰውዬ ይህን ለእሷ መናገር አቃተኝ። ያኔ ደሟ አይሆንም ተብሎ ስታለቅስ አይቻታለሁና።

በየእሑዱ ትደውላለች። «ደሜ እንዴት ሰነበተ?» ትለኛለች። «ደህና ነው» እላለሁ፤ ይህኛው እንኳ ውሸት አይደለም።

ከጊምቢ የመጣችሁ ሠልጣኞች አንዳንዶቻችሁ ታውቋታላችሁ። ለዕረፍት ስትሄዱ ይህን እዚህ እንዳነበባችሁ አትንገሯት፣ አደራ። ለፋሲካ ስሄድ እኔው እነግራታለሁ።